የፊውዥን «ፎርም» በአንድ የገላን ወርክሾፕ ዓይን፦ ከምጣድ ክዳን እጀታ እስከ ሻጋታ

ፊውዥን የተባለው የኦቶዴስክ የንድፍ ሶፍትዌር በአዲስ አበባ ደቡብ ዳር በቃሊቲና ከከተማዋ ወጣ ብሎ በገላን አካባቢ በሚገኙ አነስተኛ ወርክሾፖች ውስጥ እስከማየው ድረስ የሚሠራበት ቀጥ ያለና ክብ የሆነ ዕቃ ለመንደፍ ነው። ፍላንጅ፣ ዘንግ፣ ቡሽ፣ የማርሽ ቤትና ይህን የመሰለው ሁሉ በስኬች (በጠፍጣፋ የመስመር ንድፍ) ይነደፋል፣ ልኬት ይሰጠዋል፣ ተስቦ ወይም ዞሮ ጠጣር አካል ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ቶርኖ ወይም በኮምፒውተር ወደሚታዘዝ ሲኤንሲ ማሽን ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የሚገመግመው ግን በዚያው ሶፍትዌር ውስጥ ሆኖ ብዙዎች ከፍተው የማያዩትን፣ «ፎርም» የሚል ስምና ሐምራዊ ምልክት የተሰጠውን ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ሥራ በክብና በቀጥታ መስመር ሊገለጽ የማይችለውን ነጻ ጥምዝ ቅርጽ እየገፉና እየጎተቱ ማውጣት፣ በመጨረሻም ያንኑ ቅርጽ ሊበሳ፣ ሊቦረቦርና ሻጋታ ሊወጣለት ወደሚችል ጠጣር አካል መለወጥ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በእጅ የሚያዝ፣ በዓይን የሚታይና በሻጋታ የሚመረት ዕቃ ለሚነድፍ አነስተኛ ወርክሾፕ ፎርም ከማውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ ለሥራው የቀረበው ነው፤ ምክንያቱም ነጻው ቅርጽና ልኬት ያለው ጠጣር ክፍል በአንድ ፋይል ውስጥ አብረው እንዲኖሩ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ነጥብ የማብዛት ልማድ ላለው ነዳፊ መሣሪያው ምሕረት የለውም፤ ስለ ፈቃዱና ስለ ኢንተርኔቱም ከታች የምለው አለኝ።

ግምገማው በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ በአንድ ዕቃ ላይ ላስደግፈው፤ ዕቃውም የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳን እጀታ ነው። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ምጣድ በአሉሚኒየም ክዳን ይሸፈናል፤ ክዳኑም በእያንዳንዱ እንጀራ ይነሣል፣ ይመለሳል። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ እጀታዎች ተራ ቅስት ስለሆኑ ጋጋሪዋ ክዳኑን ስታነሣ የጣቶቿ አንጓዎች ወደ ጋለው ቆርቆሮ ይጠጋሉ፣ ከፊት ለፊት የሚወጣው እንፋሎትም እጇን ያገኘዋል፤ በየቤቱ እጀታው ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞ የምናየው በዚህ የተነሣ ነው። ጥሩ እጀታ መዳፍ የሚሞላበት ቦታ ላይ ወፈር ማለት፣ አመልካች ጣት የሚያርፍበት ላይ ሰርጎድ ማለት፣ በጣቶቹና በክዳኑ መካከል ቢያንስ 35 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው፣ በእንፋሎቱ በኩል ደግሞ እጅን የሚከልል ከንፈር ማውጣት ይኖርበታል። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው፤ ፊትና ኋላው ግን አይመሳሰልም። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ፍጹም ጠፍጣፋ መቀመጫዎች፣ የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚገባባቸው የነሐስ ማስገቢያዎችና በትክክል የተለካ የብሎን ርቀት ያስፈልጉታል። እንግዲህ የላይኛው ግማሽ ልኬት የማይገዛው ቅርጽ ሲሆን የታችኛው ግማሽ ደግሞ ያለ ልኬት የማይሠራ ነው፤ ፈተናው ሁለቱን ማጋባት ነው።

በተለመደው መንገድ ይህን ለመሥራት የሚሞከረው በ«ሎፍት» ነው፦ የእጀታው ቁመት በየተወሰነ ርቀት ተቆርጦ እንደሆነ ተደርጎ በእያንዳንዱ ቦታ አንድ የቁርጥ ቅርጽ ይነደፋል፣ ሶፍትዌሩም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ ገጽ ያለብሳል። ሦስት ቁርጥ ሲኖር ገጹ ያምራል፣ ነገር ግን የተፈለገው ቦታ ላይ አይወፍርም። ቁርጦቹ ሰባትና ስምንት ሲደርሱ ውፍረቱ ትክክል ይመጣል፣ ገጹ ግን በእያንዳንዱ ቁርጥ ላይ በትንሹ ይታመሳል። ይህ መታመስ በስክሪን ላይ አይታይ ይሆናል፤ በተወለወለ ሻጋታ የወጣ ባኬላይት የተባለ ሙቀት የሚችል ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ግን ብርሃን ሲያርፍበት ወዲያው ያጋልጠዋል። ከዚህም ሌላ የመሐለኛውን ቁርጥ ሁለት ሚሊ ሜትር ለማሳደግ ሲፈለግ መሪ መስመሮቹን ሁሉ እንደገና ማስታረቅ የግድ ነው።

ነጻ ጥምዝን በሒሳብ የመግለጽ ጉዳይ የጀመረው በመኪና ፋብሪካዎች ነው። ከኮምፒውተር በፊት የመርከብ ነዳፊዎች ቀጭን እንጨት በእርሳስ ብረት ክብደት በየቦታው እየጫኑ እንጨቱ በራሱ የሚይዘውን ጥምዝ ይከተሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ፖል ደ ካስተልዦ በሲትሮየን፣ ጥቂት ቆይቶም ፒየር ቤዚየ በሬኖ የመኪናን አካል በጥቂት መቆጣጠሪያ ነጥቦች የሚገልጽ ዘዴ አወጡ፤ ሲትሮየን ሥራውን በምስጢር ስለያዘው ጥምዙ እስከ ዛሬ የሚጠራው በቤዚየ ስም ነው። ከዚያ የተወለደውና ነርብስ የሚባለው አሠራር ዛሬ የሁሉም የጠጣር አካል ሶፍትዌር መሠረት ሆኗል። ነርብስ ግን አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፦ መቆጣጠሪያ ነጥቦቹ በአራት ማዕዘን መረብ ላይ ስለሚቀመጡ አንድ ቦታ ላይ ዝርዝር ለመጨመር የተጨመረው ረድፍ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ መሮጥ አለበት። ለአንድ የጣት ማረፊያ ሲባል እጀታው በሙሉ በማያስፈልጉት ነጥቦች ይሞላል ማለት ነው።

ፎርም የቆመው ይህን ችግር ለመፍታት በወጣ ቲ-ስፕላይን በተባለ ዘዴ ላይ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቁት የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ሴደርበርግና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ቴክኖሎጂውን ይሸጥ የነበረውን ኩባንያ ደግሞ ኦቶዴስክ በ2011 መጨረሻ ላይ ገዛው። በቲ-ስፕላይን የተጨመረው ረድፍ መሐል ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። ነጥቦቹ የሚጠቀጠቁት በጣት ማረፊያው አካባቢ ብቻ ነው፣ ሌላው ገጽ እንደ ሳሳ ይቀራል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የመሣሪያው ዋጋ ግን ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩን በእጀታው ላይ እንከተለው። ሥራው የሚጀምረው ከሣጥን ነው፦ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ይሰጣል፣ በየአቅጣጫው ስንት ገጽ እንደሚኖረውም ይመረጣል። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ቁጥሩን ያበዛል፤ ብዙ ገጽ ማለት ብዙ ነጻነት ይመስለዋልና። ለዚህ እጀታ በርዝመቱ ስድስት፣ በስፋቱ ሁለት፣ በቁመቱም ሁለት ገጽ ይበቃል። በዚያው መስኮት ላይ የግራና የቀኝ ሲሜትሪ ከተመረጠ አንዱን ጎን ሲጎትቱ ሌላው ይከተላል፤ ይህን ሳይመርጡ ጀምሮ በኋላ ሁለቱን ጎኖች በዓይን ለማመሳሰል መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ሥራ «ኤዲት ፎርም» በሚባል በአንድ ትእዛዝ ይከናወናል፦ ገጽ፣ ጠርዝ ወይም ነጥብ መርጦ በቀስቶቹ መግፋት፣ መጎተት፣ ማዞር፣ ማስፋት። መዳፍ የሚሞላበትን ወገብ ለማውጣት ዙሪያውን የሚያልፈውን የጠርዝ ቀለበት መርጦ በትንሹ ማስፋት ይበቃል። የእንፋሎት መከለያውን ከንፈር ለማውጣት ደግሞ የፊቱ ገጽ ተመርጦ «ኦልት» የሚለው ቁልፍ ተይዞ ሲጎተት አዲስ ገጽ እየተወለደ ይወጣል።

ረድፍ ሲጨመር የሚቀርበው ምርጫ ልብ ሊባል ይገባል። «ሲምፕል» ከተባለ ሶፍትዌሩ የተጠየቀውን ረድፍ ብቻ ይጨምራል፣ ነገር ግን ቅርጹ በትንሹ ሊፈናቀል ይችላል። «ኤግዛክት» ከተባለ ቅርጹ ፈጽሞ አይነቃነቅም፣ ይህን ለማድረግ ግን ሶፍትዌሩ ያልተጠየቀውን ተጨማሪ ነጥብ በዙሪያው ይዘራል። በሥራው መጀመሪያ ላይ ሲምፕልን፣ ቅርጹ ከጸደቀ በኋላ ለሚመጣ ጥቃቅን እርማት ደግሞ ኤግዛክትን መምረጥ ይሻላል። ይህን ልዩነት የሚያስተምር ቪዲዮ ብዙም አላየሁም፤ አብዛኞቹ አስተማሪዎች ረድፉን ጨምረው ያልፋሉ።

ገጹ በሦስት መልክ ይታያል፦ በሣጥን መልክ፣ በመቆጣጠሪያ መረብ መልክና በለሰለሰ መልክ። ለስላሳው መልክ ዓይን ስለሚያባብል ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ተቀምጦ ይሠራል፤ እኔ ግን ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ በሣጥን መልክ እንዲሠራ እመክራለሁ። ኮምፒውተሩ ጥምዙን በየጊዜው ማስላት ስለማይጠበቅበት ደከም ባለ ላፕቶፕም ቢሆን ይፈጥናል። በተጨማሪም አንዱ ገጽ በሌላው ውስጥ አልፎ እንደሆነ ወዲያው ያሳያል፤ በለሰለሰው መልክ ይህ ጥፋት ተደብቆ ይቆይና በመጨረሻው ሰዓት ላይ ይወጣል።

የመጨረሻው ሰዓት «ፊኒሽ ፎርም» ይባላል። በዚህ ቁልፍ ነጻው ቅርጽ ወደ ጠጣር አካል ይለወጣል፤ ዙሪያው የተዘጋ ከሆነ ጠጣር፣ አንድ ቦታ ላይ ክፍት ከሆነ ደግሞ ውፍረት የሌለው ገጽ ሆኖ ይወጣል። ገጾቹ እርስ በርስ ከተቆራረጡ ልወጣው እምቢ ይላል፣ የስሕተት መልእክትም ይመጣል። በዚህ ጊዜ «ሪፔር ቦዲ» የተባለውን መሣሪያ መክፈት ነው፤ ችግር ያለባቸውን ቦታዎችና ኮከብ ነጥቦቹን በቀለም ለይቶ ያሳያል። ኮከብ ነጥብ የሚባለው ከአራት የሚያንሱ ወይም የሚበልጡ ጠርዞች የሚገናኙበት ነጥብ ነው።

ስለ ኮከብ ነጥብ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በዕቃው ውበት ላይ የሚፈርደው እርሱ ነው። ሁለት ገጾች የሚገናኙበት ሁኔታ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ገጾቹ ይነካካሉ፣ ነገር ግን መሐላቸው ስብራት አለ። በሁለተኛው አቅጣጫቸው ይገጥማል፣ ጣት ሲሄድበት ስብራት አይሰማም፤ ነገር ግን የጥምዙ መጠን በድንገት ስለሚለወጥ የብርሃን ነጸብራቅ እዚያ ላይ ይታጠፋል። በሦስተኛው የጥምዙ መጠን ራሱ ስለሚገጥም ነጸብራቁም ሳይሰበር ያልፋል። የፎርም ገጽ ከኮከብ ነጥብ በስተቀር በሁሉም ቦታ ሦስተኛውን ደረጃ በራሱ ይጠብቃል፤ በኮከብ ነጥብ ላይ ግን ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። ስለዚህ ኮከብ ነጥብን ማጥፋት ባይቻልም ቦታውን መምረጥ ይቻላል። በዚህ እጀታ ላይ ኮከብ ነጥቦቹ ወደ ታች፣ ወደ ብሎን መቀመጫዎቹ አቅጣጫ መገፋት አለባቸው፤ ጀርባው ላይ፣ ብርሃን በሚያርፍበት ቦታ፣ አንድም መቅረት የለበትም። ይህን ለማየት «ዜብራ» የተባለው መመርመሪያ አለ፦ በዕቃው ላይ ጥቁርና ነጭ ሸርጦችን ያሳርፋል፣ ሸርጡ የሚሰነጠቅበትና የሚታጠፍበት ቦታ ጉድለት ያለበት ነው። ዜብራን ሳይከፍቱ ነጻ ቅርጽ ጨርሻለሁ ማለት ውኃ ልክ ሳያስቀምጡ ግድግዳ ቀጥ ብሏል እንደማለት ነው።

ከልወጣው በኋላ ያለው ሥራ ፊውዥን ከሌሎች የሚለይበት ነው። እጀታው አሁን ተራ ጠጣር አካል ስለሆነ ከሥሩ በልኬት በተነደፈ ስኬች ይቆረጣል፣ ጠፍጣፋዎቹ መቀመጫዎች ይወጣሉ፣ የነሐሱ ማስገቢያ ቀዳዳ ይበሳል፣ የብሎኖቹ ርቀት በቁጥር ይታሰራል። ክዳን ሠሪው ነገ መጥቶ ርቀቱ ከ90 ወደ 96 ሚሊ ሜትር ተቀይሯል ቢል፣ ቁጥሩን ቀይሮ ቀዳዳዎቹን ማንቀሳቀስ የአፍታ ሥራ ነው፤ ነጻው ቅርጽ ራሱ ግን አብሮ አይዘረጋም። የመሣሪያው ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው። በታይምላይኑ፣ ማለትም የንድፉ እርምጃዎች በተራ በሚመዘገቡበት መስመር ላይ፣ ፎርም በአንድ ሐምራዊ ምልክት ብቻ ይወከላል፤ በውስጡ የተደረገው መግፋትና መጎተት በየደረጃው አይመዘገብም፣ ከስኬች ልኬትም ጋር አይታሰርም። በእጀታው ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ለመጨመር ሐምራዊውን ምልክት ከፍቶ ነጥቦቹን በእጅ መግፋት ያስፈልጋል። ወደ ፎርም ተመልሶ ገጾችን መጨመር ወይም መሰረዝ ደግሞ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ፊሌቶች (ጠርዝን የሚያለዝቡ ክብ ማዕዘኖች) እና ቁርጦች የተደገፉባቸውን ጠርዞች ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ታይምላይኑ በቢጫና በቀይ ማስጠንቀቂያ ሊሞላ ይችላል። በመጠን የሚለያዩ አምስት ስድስት ዓይነት ምርቶችን ከአንድ ንድፍ ለማውጣት የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ድራፍትም ሌላ ጉዳይ ነው። ዕቃ ከሻጋታ ሳይፋቅ እንዲላቀቅ ጎኖቹ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ያህል መዘንበል አለባቸው። ለጠፍጣፋ ገጽ ሶፍትዌሩ ይህን በአንድ ትእዛዝ ያዘነብላል፤ ለነጻ ጥምዝ ገጽ ግን በዚያ ትእዛዝ ላይ መተማመን አይቻልም፣ ዝንባሌው ገና በፎርም ውስጥ እያሉ መታሰብ አለበት። እጀታው ከጎን ሲታይ በጣም የሚሰፋበት መስመር ሻጋታው ለሁለት የሚከፈልበት መስመር ይሆናል፤ ከዚያ መስመር በላይ ያለው ሁሉ ወደ ላይ፣ በታች ያለውም ወደ ታች እየጠበበ መሄድ ይኖርበታል። የጣት ማረፊያው ጥልቀት ከበዛ ወደ ውስጥ የሚገባ ስርጉድ ይፈጠርና ዕቃው ሻጋታው ውስጥ ታስሮ ይቀራል። «ድራፍት አናሊስስ» የተባለው መመርመሪያ እነዚህን ቦታዎች በቀለም ስለሚለይ ከዜብራ ጋር ጎን ለጎን መከፈት አለበት፤ ቅርጹን ለውበት ሲያስተካክሉ ድራፍቱ ሲበላሽ ማየት የተለመደ ነውና።

ሻጋታውን የሚቆርጡልን አዛውንት ማሽኒስት ንድፍ ሲመጣላቸው አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ውበቱ አይደለም፤ «ልጄ፣ ትንሿ ጥምዝ ስንት ናት?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በእጀታው ላይ ወደ ውጭ የሚወጣው ጠርዝ በሻጋታው ላይ ወደ ውስጥ የሚገባ ማዕዘን ይሆናል። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አፍ መቁረጫ ደግሞ ራዲየሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ማዕዘን ውስጥ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ በፎርም ውስጥ «ክሪዝ» በሚባለው ትእዛዝ ጠርዝን ማሾል ደስ ቢልም፣ የሾለው ሁሉ በብረቱ ላይ ወይ በትንሽ መቁረጫ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ወይ በኤሌክትሮድ ብረት ወደሚያቃጥል ሌላ ማሽን ይመራል። በፊውዥን ውስጥ ዝቅተኛውን ራዲየስ የሚያሳይ መመርመሪያ ስላለ የአዛውንቱን ጥያቄ ፋይሉ ሳይላክ መመለስ ይቻላል።

የመቁረጡም ፕሮግራም በዚያው ሶፍትዌር ውስጥ መዘጋጀቱ ቀላል ጥቅም አይደለም። ክብ አፍ መቁረጫ በጥምዝ ገጽ ላይ ሲመላለስ በሁለት መንገዶቹ መካከል ትንሽ ሸንተረር ይተዋል፤ የሸንተረሩ ቁመት በግምት የእርምጃው ስፋት በራሱ ተባዝቶ ለስምንት እጥፍ ራዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ6 ሚሊ ሜትር መቁረጫ እርምጃው 0.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሸንተረሩ 0.01 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እርምጃው ወደ 0.3 ቢወርድ ደግሞ 0.004 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ በእጅ በሚወለወልበት ሰዓት ላይ ይታያል። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ ቅርጹ እስከ መጨረሻው እውነተኛ ጥምዝ ሆኖ መቆየቱ ነው። እንደ ብሌንደር ያሉ የሥዕል ሶፍትዌሮች እጅግ የሚያምር ነጻ ቅርጽ ያወጣሉ፤ ነገር ግን የሚሰጡት በጥቃቅን ጠፍጣፋ ገጾች የተሠራ መረብ ስለሆነ፣ መረቡ በበቂ ካልረቀቀ ጠፍጣፋዎቹ በብረቱ ላይ ይታተማሉ። ለእንስሳ ቅርጽ ወይም ለጌጥ ምንም አይደለም፤ ለእጀታ ግን አይሆንም።

ስለ አማራጮቹ በአጭሩ። ራይኖ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ የሰባተኛው እትሙ ወዲህ «ሰብዲ» የተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ አለው፤ በነጻ ጥምዝ ላይ ያለው ቁጥጥር በእኔ ዓይን ከፎርም ይበልጣል። ነገር ግን የራይኖ መሠረቱ ገጽ እንጂ ጠጣር አካል ስላልሆነ ማቦርቦርና ፊሌት ላይ ሲደርስ ብዙ የእጅ ሥራ ይጠይቃል፣ በልኬት የሚታዘዝ ታይምላይንም የለውም። ሶሊድወርክስ በልኬት የሚመራ ሥራ ላይ ጌታ ነው፤ «ፍሪፎርም» የተባለው ትእዛዙ ግን ያለን ገጽ ለማሻሻል እንጂ ከባዶ ለመቅረጽ የተሠራ አይደለም። ፍሪካድ በኅዳር 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያውን ሙሉ እትሙን አውጥቷል፤ ነጻ ነው፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ለብሎንና ለፍላንጅ ይበቃል። ለነጻ ቅርጽ ግን ተጨማሪ የጥምዝ መሣሪያዎችን መጫንና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እጀታውን በፍሪካድ መሥራት አይቻልም ባልልም፣ ለደንበኛ ቀን ቆርጦ የሚሠራ ሰው እንዲጀምረው አልመክርም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፊውዥን የሚሸጠው በዓመት ኪራይ ነው፤ የንግድ ፈቃዱ በ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓመት 680 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ራይኖ በአንጻሩ አንድ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በጥቂቱ በሚያንስ ዋጋ ይገዛና የገዛው ሰው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነገር በአነስተኛ ወርክሾፕ በጀት ላይ ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሁለት ዓመት የሚሠራ ሰው ሒሳቡን ቢያወዳድር ራይኖን ሊመርጥ ይችላል፤ ነገር ግን በፊውዥን ኪራይ ውስጥ የመቁረጫ ፕሮግራሙ ተካቷል፣ ለራይኖ ይህ ለብቻው የሚገዛ ነው። ሻጋታውን ራሱ የማይቆርጥና ንድፍ ብቻ የሚሸጥ ወርክሾፕ ሒሳቡ ከዚህ የተለየ ይሆናል።

ለግል ጥቅም የሚሰጥ ነጻ ፈቃድም አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ የተሳሳተ ወሬ ስለሚነገር ግልጽ ማድረግ ይገባል። ፎርም በነጻው ፈቃድ ውስጥ አለ፤ ስቴፕ በተባለው፣ ሌሎች የንድፍ ሶፍትዌሮችም በሚያነቡት የፋይል ዓይነት ማውጣትም ይቻላል። ነገር ግን ሊታረሙ የሚችሉት ንድፎች በአንድ ጊዜ ከአሥር አይበልጡም፤ የቀሩት ለንባብ ብቻ ተቆልፈው ይቀመጣሉ፣ አንዱን ለመክፈት ሌላውን መቆለፍ ነው። በመቁረጫ ፕሮግራሙም ማሽኑ ያለ ሥራ የሚጓዝበት ፈጣን እንቅስቃሴ ወደ መቁረጫ ፍጥነት ይወርዳል፣ ይህም ረጅም ሥራን ይበልጥ ያስረዝማል። ከሁሉም በላይ ፈቃዱ ለንግድ አይፈቅድም፤ በዓመት ከ1,000 ዶላር ያነሰ ገቢ ላለው የግል ሥራ የታሰበ ነው። በዚህ ፈቃድ የደንበኛ ሻጋታ የሚሠሩ ወርክሾፖች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ እኔ አልመክርም።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ፋይሎቹ የሚቀመጡት በኦቶዴስክ ሰርቨር ላይ ነው። ኔትወርክ በሌለበት እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ መሥራት ይቻላል፤ ለዚህ ግን የሚፈለገው ንድፍ አስቀድሞ ተከፍቶ በኮምፒውተሩ ላይ መቀመጥ አለበት። እንደ ገላን ባለ መብራቱም መስመሩም በየጊዜው በሚቋረጥበት አካባቢ የሚሠራ ሰው ጠዋት ኔትወርክ ሲኖር የቀኑን ፋይሎች መክፈትን፣ ማታ ደግሞ የስቴፕ ቅጂ በፍላሽ ማስቀመጥን ልማድ ቢያደርግ ይሻለዋል። በስቴፕ የወጣው ፋይል የመቆጣጠሪያ መረቡን እንደማይዝ ግን መታወቅ አለበት፤ ጠጣር አካሉ ይተርፋል፣ ሐምራዊው ምልክት አይተርፍም። ነጻ ቅርጹን ወደፊት ለማረም የሚፈልግ ሰው በፊውዥን በራሱ የፋይል ዓይነትም አንድ ቅጂ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ለተማሪዎችና ለመምህራን በየዓመቱ የሚታደስ ነጻ የትምህርት ፈቃድ አለ፤ በቂሊንጦ ካለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ ወደየወርክሾፑ የሚወጡ ልጆች በዚህ ፈቃድ ተለማምደው ቢመጡ ለእነርሱም ለቀጣሪዎቻቸውም ይበጃል። ነገር ግን ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለኮምፒውተር አይደለም። ወርክሾፑ የከፈለበትን አንድ የንግድ ፈቃድ ባለቤቱ በቢሮም በቤትም ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ሊጭነው ይችላል፤ ሁለት ነዳፊዎች በአንድ ስም እየተቀባበሉ መሥራት ግን አይፈቀድላቸውም፣ ተለማማጁም በትምህርት ፈቃዱ የደንበኛን እጀታ መንደፍ አይችልም። ሁለተኛ ነዳፊ ለመቅጠር የሚያስብ ወርክሾፕ ሌላ ተመሳሳይ ኪራይ በበጀቱ ይያዝ፤ ያ ካልሆነ ግን ሁለተኛው ሰው ቀጥ ያሉትን ክፍሎች በፍሪካድ ሠርቶ በስቴፕ እንዲያስረክብና ነጻው ቅርጽ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዲቆይ ማድረግ የሚሠራ መንገድ ነው።